በመልስ ፋንታ ከረሜላ

እኛ ሰፈር ሱቅ ገብቶ ዳቦ የገዛ ሰው ይዞ የሚወጣው ዳቦና ከረሜላ ነው። መልስ የሚባል ነገር ስሙ እንጂ አካሉ የለም። ባለሱቁ መሳቢያውን ሳብ አድርጎ ያይና "ዝርዝር ጠፋ እኮ!" ይላል፤ እጁ ግን ነገሩን ሳይጨርስ የከረሜላው ዕቃ ውስጥ ገብቷል። ከረሜላ አልፈልግም ካልሽ ማስቲካ፣ ማስቲካ አልፈልግም ካልሽ ክብሪት፣ ክብሪትም ቤቴ ሞልቷል ካልሽ "እንግዲያው ሌላ ጊዜ ትወስጃለሽ" ነው። ይሄ ሌላ ጊዜ የሚሉት ቀን እስካሁን ሸዋ ሮቢት አልደረሰም። መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል።

እናቴ በዚህ ነገር ደሟ ይፈላል። ዕድሜዋን ሙሉ ቀይ ሽንኩርት ስትነግድ የኖረች ሴት ናት፤ ሚዛኑ ከጎደለ ጨምራ፣ ከተረፈ አንስታ፣ ደንበኛዋን አመስግና የምትሸኝ። "የሰው አልበላም፣ የራሴንም አላስበላም" ትላለች። ከቤት ስትወጣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሳንቲም ትቋጥራለች፤ ለምን ቢሉ፣ ማንም ነጋዴ ዓይኗን እያየ "መልስ የለኝም" እንዳይላት ነው። ካላት ደግሞ ወዮለት። ለአንዲት ብር ብላ ገበያተኛውን ሁሉ ሰብስባ ስትሟገት በልጅነቴ በኀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኝ ነበር።

አባቴ የእሷ ተቃራኒ ነው። በእርሻ ልማቱ የመስኖ ውሃ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከሰው ጋር ከሚጨቃጨቅ ጥርሱን ቢያወልቁት የሚመርጥ ሰው። ነው እላለሁ፤ ነበር ማለትን ምላሴ እስካሁን አልለመደም። እኔ ከባሌ ተለያይቼ ከመጣሁ ወዲህ ከሁለቱ ጋር ነው የምኖረው፤ አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ጸጉር እሠራለሁ። ከሁለቱ የማንን ጠባይ እንደወረስኩ ለመናገር ያህል፣ ባሌ ሲሸኘኝ "ሂጂ፣ የእናትሽ ልጅ!" ነው ያለኝ። ስድብ መሆኑ ነው።

አባቴ ስኳር ነበረበት። ጧት ጧት የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ መርፌውን ራሱ ይወጋል። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፤ የእኛ አገር ደግሞ ከሙቀት ሌላ ምን አላት! መብራቱም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ እናቴ ብልቃጧን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከውሃው እንስራ ሥር ታስቀምጥለት ነበር። ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰች ጨርቁ ላይ ውሃ ታርከፈክፋለች። እናቴ አባቴን ትወደው ነበር። ይሄን ቀድሜ የምናገረው በኋላ የምለው እንዳይጣመምብኝ ነው።

የእናቴን ታላቅ ወንድም እግሩን ያስቆረጠው ስኳር ነው። ያስታመመችው እሷ ናት። ጣቱ ሲጠቁር፣ ከዚያ ተረከዙ ሲጠቁር ቁጭ ብላ አይታለች። ሰውየው አልጋ ላይ ሆኖም ከሻዩ ላይ ስኳር አይቀንስም ነበር፤ እሷም አዝናለት ስትሰጠው ኖራለች። ስለዚህ አባቴ "ስኳር አለብህ" የተባለ ቀን እናቴ ቤት ውስጥ የነበረውን ስኳር ከነጣሳው አውጥታ ለጎረቤት ሰጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ ለእንግዳ ሻይ ስታፈላ ስኳሩን ከጎረቤት ለምና ነው የምታመጣው፤ የተረፈውንም እዚያው ትመልሳለች።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ግን ለአባቴ ሌላም ነገር ነግራዋለች። መርፌ የሚወጋ ሰው ስኳሩ የሚወጣ ብቻ ሳይሆን የሚወርድም መሆኑን፤ ሲወርድ እንደሚያልበው፣ እንደሚያንቀጠቅጠው፣ አፉን እንደሚያስረው፣ ካልተደረሰለትም እንደሚገድለው። "ያን ጊዜ ሁለት ሦስት ከረሜላ አፍዎ ውስጥ ያድርጉ፤ ከኪስዎ እንዳይጠፋ" አለችው። አባቴ እቤት መጥቶ ይህንኑ ቃል በቃል ለእናቴ ነገራት። እናቴ በንዴት ሳቀች።

"ስኳር ለያዘው ሰው ስኳር? ለሚቃጠል ቤት ጋዝ አርከፍክፉበት አላሉህም? ወንድሜንም እንዲህ እያሉ ነው የጨረሱት!"

ያንኑ ሰዓት ኪሱን በርብራ ያገኘችውን ከረሜላ ለሰፈር ልጆች በተነች። አባቴ ምን አለ? ምንም። አባቴ መቼ ምን ብሎ ያውቃል!

ቀጥሎ ያለውን እኔ ያወቅሁት አባቴ ከተቀበረ በኋላ ነው፤ እናንተ ግን እንደ እኔ በጨለማ እንዳትሄዱ አሁኑኑ ልንገራችሁ። ከቤታችን ማዶ አንድ ሱቅ አለ። ባለሱቁ አባቶቻቸው ከአሊዩ አምባ የወረዱ ነጋዴዎች ናቸው፤ ጸጥ ያሉ፣ ሶላታቸው የማያልፋቸው፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሰው። አባቴ ጧት ጧት ዳቦ ሊገዛ ሄዶ እሳቸው በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ሳይቀመጥ አይመለስም። ታዲያ አንድ ቀን ቀስ ብሎ ጠየቃቸው፤ መልሱን በገንዘብ ሳይሆን በከረሜላ እንዲሰጡት። ሚስቱ ካገኘችበት "እኔ አልገዛሁም፣ ዝርዝር የለም ብለው ነው የሰጡኝ" ሊላት ነው። በመልስ ፋንታ ከረሜላ መስጠት የአገሩ ልማድ ነውና ማን ይጠረጥራል?

መሳቢያቸው ውስጥ ዝርዝር ነበረ። እሳቸው ከጠቅላላው መንገድ ዝርዝር የማያጡ ብቸኛው ባለሱቅ ነበሩ፤ ሰው የእሳቸውን ሱቅ የሚወደውም ለዚህ ነው። ለአባቴ ግን ሳንቲሙን አስቀምጠው ከረሜላ ይቆጥሩለታል። "ይሄ አማና ነው፣ ጋሼ" አሉት፤ "ከእርስዎና ከእኔ አይወጣም።" አማና ብለው የያዙትን ደግሞ አንገታቸው ቢቆረጥ አያወጡትም።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ወራት አለፈ። አባቴ ከረሜላውን ኮቱ ገበር ውስጥ፣ ስፌቱ በተተረተረበት በኩል ይደብቀው ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቴ ኮቱን ልታጥብ ስታራግፈው ገበሩ ኮሽ ኮሽ አለ። እጇን ሰደደችና እፍኝ ሙሉ ከረሜላ አወጣች።

"ይሄ ምንድነው?"

"መልስ ነው" አለ አባቴ፣ ከተዘጋጀበት ቃል አንድም ሳይጨምር። "ዝርዝር የለም እያሉ ነው።"

"በየቀኑ?"

"እ… በየቀኑ።"

እናቴ ከረሜላውንና አባቴን ተራ በተራ አየች። ሳትቆጣው ቀረች፤ አዘነችለት። እኔ በር ላይ ሆኜ ሳይ የነበረው እንዲያ ነው። "አንተ ምስኪን" አለችው፤ "ዝምታህን አይቶ እኮ ነው! ለበሽተኛ መርዝ እያስታቀፈ ሐቅህን ሲበላ እሺ ብለህ ትመጣለህ?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሰማሽ አይደል?" ሰምቻለሁ። በዚያው ሳምንት ጸጉሯን ሠርቼላት ከሂሳቡ ላይ ማስቲካ የሰጠችኝ አንዲት ባለሱቅ ነበረችና እኔም ተናድጄ "ንገሪያቸው እንጂ!" አልኳት። አባቴ ኮቱን ከመሬት አንስቶ እንደ ሕፃን አቀፈው፤ "ተይው፣ ግድ የለም" አለ። እናቴ ተይው ሲሏት የምትተው ሴት አይደለችም።

በማግሥቱ እሑድ የእድራችን ስብሰባ ነበር። የሰፈራችን እድር እስላም ክርስቲያን አይልም፤ ከትልቁ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር እንሰበሰባለን። ባለሱቁም አባል ናቸው። ወርሃዊው መዋጮ ተሰብስቦ ሰው ሊበተን ሲል እናቴ ተነሣች።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አለች። "ለመሆኑ ነጋዴ መልስ መስጠት ግዴታው ነው ወይስ ደግነቱ?"

ወይ ጉድ! የተቀመጠው ሁሉ እኩል አፉን ከፈተ። ለካ የሁሉም ቁስል ኖሯል። የባጃጅ ሾፌሩ ተሳፋሪው ሁሉ መቶ ብር እየሰጠው ዝርዝር ፍለጋ ሲንከራተት እንደሚውል ተናገረ። ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጠው ሴትዮ፣ "ባንክ ሄደን ሳንቲም ስጡን ስንል ይስቁብናል፤ እኛ እኮ ሳንቲም ከቤተ ክርስቲያን በር ከለማኝ ላይ ጨምረን ነው የምንገዛው!" ብላ ጮኸች። አንዱ "በስልክ ይላክ" ሲል ሌላው "ኔትወርኩን አንተ ታመጣዋለህ?" አለው። ገዢው ዘርዝሮ መምጣት አለበት ያለም ነበር። አንዱ ሕግ አለ አለ፣ አንዱ ሕግ የለም አለ፤ ሕጉን ያነበበ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

የእድሩ ዳኛ እጁን አንሥቶ ዝም ሲያሰኝ እናቴ ገና አልጨረሰችም ነበር። ወደ ባለሱቁ ዞረች። ሰላሳ ዓመት አንቱ ስትላቸው የኖረችውን ሰው፣

"አንተ!" አለቻቸው።

አንቱታው ሲወድቅ ሁሉም ሰምቶታል።

"አንተን ነው። ለሌላው ዝርዝር አለህ። አፍ ላለው አለህ። ባሌ ዝምተኛ ስለሆነ፣ ዓይነ አፋር ስለሆነ በየቀኑ ከረሜላ ታስታቅፈዋለህ። ስኳር እንዳለበት ታውቃለህ! የበሽተኛ ሐቅ እየበላህ በምን አንገትህ ነው የምትሰግደው? ሌባ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይኸው ጠራ።"

ባለሱቁ ቀና ብለው አባቴን አዩት። አሁን ሳስበው አንጀቴን የሚበላኝ ያ አስተያየት ነው። ያኔ ግን ጥፋተኛ ሰው አማላጅ የሚፈልግ መስሎኝ ነበር። አባቴ ሁለት እጁን ጉልበቱ መካከል ከትቶ መሬት መሬት ያያል። አንድ ቃል ቢተነፍስ አለቀ፤ "እኔ ነኝ የለመንኳቸው" ቢል ሦስት ቃል ናት። ሰው በተሰበሰበበት፣ ሚስቱን ውሸታም ሊያደርጋት? ለከረሜላ ብሎ ሚስቱን ሲሸውድ የኖረ ሽማግሌ ነው ሊባል? ዝም አለ። ባለሱቁም ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አንሥተው ወደ እናቴ መለሱ።

"እሺ፣ እትዬ" አሉ፤ "ከነገ ጀምሮ መልሳቸው አይጎድልም። አውፍ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ።"

ልጆቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸው፣ አብረዋቸው የሚሰግዱት ሰዎች እዚያው ተቀምጠው ነበር።

እናቴ በዚህ አላበቃችም። ሰኞ ጧት ተነሥታ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ሱቅ ሁሉ እየዞረች "ለባሌ ከረሜላ የሰጠ ወየውለት፤ ሲጠይቃችሁም እንዳትሸጡለት" ብላ አዘዘች። ባለሱቆቹ ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ አባቴ ሲያልፍ "ጋሼ፣ ከረሜላ ተከለከሉ አሉ?" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ፈገግ ይልላቸዋል።

ከዚያ በኋላ የአባቴ መልስ ሙሉ ሆነ። ጧት ዳቦውን ይዞ ሲገባ ኪሱ ይንሿሿል። እናቴ ሳንቲሞቹን ከእጁ ተቀብላ ትቆጥርና በመሀረብ ቋጥራ ትመልስለታለች፤ የእሱ ነው፣ እንዲይዘው ነው። "አየህ?" ትለዋለች፤ "መናገር ነው እንጂ።" አባቴ "አዎ፣ ጥሩ አደረግሽ" ይላል። ጥሩ አደረግሽ! አሁን ድረስ ይሄ ቃል ትዝ ሲለኝ ከመቃብሩ አውጥቼ ልጮህበት ያምረኛል።

አንድ ቀን እኔ ጸጉር ቤት መጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል። ስለ አንድ ነገር ጠየቅሁት፣ የማይገናኝ ነገር መለሰልኝ፤ ደግሜ ብጠይቀው ተቆጣኝ። አባቴ ተቆጥቶኝ አያውቅም። "ሙቀቱ ነው" አልኩ፣ ካርቶን አንሥቼ አራገብኩለት። በሸዋ ሮቢት ያላበውን ሰው ማን ይጠይቃል? ሁላችንም አልቦን ነው የምንውለው፤ ያላለበው ነው እንጂ የሚያስደነግጠው። ሹሩባ እየሠራሁላት የነበረችው ልጅ የያዘችውን ለስላሳ "እንኩ፣ ይቀዝቅዝዎት" ብላ ሰጠችው። ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ ትንፋሹን ሳይመልስ ጨለጠው። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ጠራ፣ ያው የድሮው አባቴ ሆነ። እኛ ቅዝቃዜው የረዳው መስሎን ሳቅን። "ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" አለኝ። አልነገርኳትም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አብሮት በእርሻው የሠራ ሰው አጣዬ ውስጥ አረፈና ሊቀብረው ሄደ። ጧት መርፌውን ተወጋ፣ ዳቦ በሻይ ቀመሰ፣ ያን ኮቱን ለበሰ። እናቴ የተቋጠረውን መሀረብ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት፤ "ለመሳፈሪያ ዘርዝረህ ስጥ፣ ረዳቱ መልስ የለም እንዳይልህ" ብላ። ምሳ ሳያልፍ እመለሳለሁ ብሎ ነው የወጣው።

ሚኒባሱ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ መንገድ ተዘጋ አሉ። እዚህ መንገድ ሲዘጋ ማን ዘጋው፣ ለምን ተዘጋ፣ መቼ ይከፈታል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። በዚያ በኩል ደግሞ ጥላ የለም። አባቴ መቀመጫው ላይ ቀረ። ከጎኑ የነበረች ልጅ ያዘለች ሴት ናት በኋላ መጥታ የነገረችን። ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ ሁሉም አልቦት ነበር። ምላሱ ሲተሳሰር ከኋላ ያለ ሰው "ሽማግሌው ከጧት ጀምረውታል" አለ። አረቄ ማለቱ ነው። አባቴ በሕይወቱ አረቄ ቀምሶ አያውቅም! ከዚያ አባቴ እጁን ኮቱ ገበር ውስጥ ከትቶ ፈለገ፣ ፈለገ፤ መሀረቡን አውጥቶ አየው፣ መልሶ ከተተው። ወደ ሴትየዋም ዞሮ "ከረሜላ" አላት። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሳቀ። "ሽማግሌው ከረሜላ አማራቸው!" ሴትየዋም ሳቀች፤ ስትነግረን እያለቀሰች ነው ሳቅኩ ያለችው። ራሱን መስኮቱ ላይ ሲያስደግፍ የተኛ መሰላቸው። አልነቃም ሲላቸው በባጃጅ ወደ ኋላ ይዘውት ሲመለሱ ሮቢት ሳይደርስ አለፈ።

ልብሱን ሲያስረክቡን መሀረቡ ከነቋጠሮው ኪሱ ውስጥ ነበር። እናቴ ፈትታ ቆጠረችው። ከዚያ ነው ጮኻ ያለቀሰችው።

ሴትየዋ ይህን ሁሉ የነገረችን በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ነው። ባለሱቁም ነበሩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ነው ሳይቀሩ የመጡት፤ ጥግ ይይዛሉ፣ የቀረበላቸውን አይነኩም። እናቴም አንቱታቸውን መልሳላቸዋለች፤ "እግዜር ይስጥዎት" ብላቸዋለች። ከእሷ ይቅርታ ማለት ይሄ ነው። ሴትየዋ "ከረሜላ አሉኝ" ያለች ጊዜ እናቴ ደረቷን መታች።

"ውይ፣ ልቡ ሕፃን ሆኖ ነው! ሰው ሊሞት ሲል ልቡ ሕፃን ይሆናል!"

ባለሱቁ ተነሥተው ከድንኳኑ ወጡ። ጫማቸውን ገልብጠው ነው ያደረጉት። አመማቸው ብዬ ተከተልኳቸው። ከአጥራችን ጀርባ ግድግዳውን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው፤ ትልቅ ሰው እንዲያ ሲንሰቀሰቅ አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የነገሩኝ።

"እና ለምን አይናገሩም ነበር?" ጮህኩባቸው። በለቅሷችን ላይ ጮህኩባቸው። "ሌባ ስትልዎት ለምን ዝም አሉ?"

"ጋሼ እዚያው ተቀምጠው እኮ ነበር፣ ልጄ። ባለቤቱ ዝም ካለ እኔ በምን አፌ?"

"በኋላስ? ደብቀው አይሰጡትም ነበር?"

"ወላሂ፣ በማግሥቱ ጧት አወጣሁላቸው። እምቢ አሉኝ። 'አሁን ብትይዘን እርስዎን ነው ደግማ የምታዋርደው፤ በእኔ ምክንያት የተሰደቡት ይበቃል' አሉኝ። ትንሽ ትብረድ፣ ከዚያ እኔው ራሴ እነግራታለሁ አሉ። በየቀኑ እጠይቃቸዋለሁ፤ ገና ናት ይሉኛል። እኔም መልሳቸውን ቆጥሬ እሰጣለሁ።"

ከዚያ ዓይናቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ጠርገው፣ "አማናው አሁን አንቺ ዘንድ ነው። ለእናትሽ መንገሩንም አለመንገሩንም አንቺ ታውቂያለሽ" አሉኝ። ሄዱ። ያን አማና እንዲህ ትከሻዬ ላይ ጭነውብኝ በመሄዳቸው ስንት ቀን ረገምኳቸው።

ልነግራት ነበር። ስንቴ ልነግራት ነበር! ስትጣላኝ፣ አባቴን ስታነሣ፣ "ሐቁ ሳይጎድልበት ሄደ" እያለች ለለቀስተኛው ስታወራ ጫፍ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። አንድ ቀን እንስራው ሥር ያቺን እርጥብ ጨርቅ አገኘኋት። ብልቃጡ የለም፤ እናቴ ግን አሁንም ጨርቁ ላይ ውሃ ታርከፈክፋለች። "እጄ ለምዶብኝ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

አርባው ካለፈ በኋላ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ወጣች። ዳቦ እኔው እገዛለሁ አለች፤ አብሬያት ሄድኩ። ባለሱቁ ሲያዩዋት ተነሡ። ዳቦውን ሰጥተዋት መሳቢያውን ከፍተው ያገላብጡ ጀመር። በእውነት ዝርዝር አልነበራቸውም።

"እትዬ፣ አንድ ብር ቢኖርዎት አምስቷን እሰጥዎት ነበር" አሉ። ባዶውን መሳቢያ ደግመው አገላበጡት።

እናቴ አየቻቸውና ልቧ ራራ። "ግድ የለም" አለች፤ "ለዛሬ ከረሜላ ስጡኝ። ለሰፈር ልጆች እሰጠዋለሁ፤ ለእሱ ነፍስ ይሆነዋል።"

"ከረሜላ መሸጥ ትቻለሁ፣ እትዬ።"

መደርደሪያውን አየሁ። ዕቃው እዚያው ቦታው ላይ ነበር፤ ጨው ተሞልቶበታል። እናቴ ምንም አላስተዋለችም። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ዳበሰች፣ ባዶ ነው፤ ጡቷ ሥር እጇን ሰድዳ የአባቴን መሀረብ አወጣች። ከሬሳው ኪስ የተገኘ ዕለት ቆጥራ መልሳ ከቋጠረችው ወዲህ ፈትታው አታውቅም። በጥርሷ ፈትታ አንዲት ብር መረጠች።

"የሱ ነው። ከእርስዎ የተቀበለው ነው፤ እንኩ።"

ተቀበሏት። መሳቢያ ውስጥ አልከተቷትም፤ ጨብጠዋት ቆሙ። አምስቷን ብር ግን አልረሱም፤ በሁለት እጃቸው አድርገው ሰጧት። እናቴ በብርሃን አገላብጣ አየቻትና ቋጠረቻት።

መንገዱን ስንሻገር ክንዴን ያዝ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"አየሽ፣ ሰው በአደባባይ ካልነገሩት አይታረምም። ያን ቀን ባልነግራቸው ኖሮ አባትሽ ኪሱ ከረሜላ እንደሞላ ነበር የሚሞተው።"

"አዎ፣ እማዬ" አልኳት።